ቀለበት፣ ኩባያ፣ መንጠቆ፣ ወንበር

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር ስል ይቺ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሜላት፣ «እማማ፣ እሱ ለስልክ ነው» ብላ አስቆመችኝ። ታዲያ ለወረቀት ምንድን ነው የሚባለው ብላት እሷም አታውቀውም። እንግዲህ ሳንባባል እንግባ። የምታነቡት እናንተ፣ የምትጽፈው እሷ፣ የኔ ድርሻ አፍ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ተመስገን ነው፣ ጥርሱ ቢረግፍም ሥራ አላቆመም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አባቴ ወንድሞቼን ወደ የኔታ ሲልክ እኔን ወደ ምንጭ ላከኝ። እነሱ ፊደሉን ይዘው ሲመጡ እኔ ውሃውን ይዤ መጣሁ፤ ውሃውን ጠጡት፣ ፊደሉን ግን ማንም አላቀመሰኝም። እንዲህ ሆኜ ሸበትኩ። ያም ሆኖ ግን በእንግሊዝኛ ውድድር መድረክ ላይ ወጥቼ ያነበብኩ ሴትዮ ነኝ። አትሳቁ። ሜሉ፣ አንቺም አትሳቂ፣ ጻፊ።

ነገሩ የጀመረው «ቱግ» በምትባል ቃል ነው።

አንድ ቀን ሜላት ከትምህርት ቤት መጣችና ቦርሳዋን ወርውራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምሳ ስላት ዝም። መክሰስ ስላት ዝም። የኔ ልጅ መክሰስ ስትባል ዝም ካለች ሰው ሞቷል ማለት ነው። ብዬ ብዬ ሳስለፈልፋት አወጣችው። እንግሊዝኛ ክፍል ቲቸሩ አስነስቶ አስነበባት። ጠንካራ ማለት የሆነ ቃል ነበር። እሷም በንጹህ ልቧ፣ ፊደሉን አንድ ባንድ አይታ፣ «ቱግ» ብላ አነበበችው። ለካ «ተፍ» ነው የሚባለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ ቀድሞ ደግሞ የጎረቤታችን የታደለች የልጅ ልጅ፣ ያ ናታን የሚባለው፣ «ሜላት ቱግ» ብሎ ስም አወጣላት።

እንግዲህ እዩት ጉዱን። ቱግ ብለው ጠሯት። እሷም በንዴት ቱግ አለች። ቱግ ስትል ስሙ ጸደቀ። «ቱግ፣ ዛሬ በማን ላይ ነው ቱግ ያልሽው?» ይሏታል። ብትቆጣ ስሟ ነው፣ ባትቆጣ አንጀቷ ነው የሚያርረው። ከዚያ ቀን ወዲያ እንግሊዝኛ ክፍል አፏን ዘጋች። ቢያስነሷት ትቆማለች፣ መጽሐፉን ትይዛለች፣ ድምፅ የለም። እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ነርስ ናት፣ ፈረቃ ነው የምትገባው። አንድ ጠዋት ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ ትምህርት ቤት እንቀይርላታለን፣ ፉሪ አንድ አለ ብለውኛል» አለችኝ። ከሰፈራችን ከሀይሌ ጋርመንት እስከ ፉሪ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ። በአንዲት ቃል የተነሳ ልጅ ሊሰደድ።

«እስኪ ያቺን ቃል አሳዪኝ» አልኳት ሜላትን።

«እማማ፣ አንቺ አታነቢ።»

«ጠላትን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም፣ መልኩን ማየት ይበቃል።»

አሳየችኝ። ጭራዋ ላይ አራት ፊደል ተደርድሯል። መጀመሪያ ቀለበት፣ ክብ ያለች። ቀጥሎ አፉን የከፈተ ኩባያ። ቀጥሎ ወደ ታች የተንጠለጠለ መንጠቆ። መጨረሻ ላይ ወንበር፣ መደገፊያው ሳይቀር ያለው የደህና ሰው ወንበር። ሜላት ስማቸው ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ነው አለችኝ። ለኔ ግን ቀለበት፣ ኩባያ፣ መንጠቆ፣ ወንበር ናቸው።

«ታዲያ እነዚህ ሲሰበሰቡ ምን ይላሉ?»

«እሱ ነው ችግሩ። አንዱ ቃል ላይ ኦ ይላሉ፣ አንዱ ላይ ኡ ይላሉ፣ አንዱ ላይ አፍ ይላሉ፣ አንዱ ላይ ኦፍ ይላሉ።»

ደነገጥኩ። እኔ ባልማርም የኛ ፊደል ጠባዩን አውቃለሁ፣ በሰፈሩ ሁሉ ሕፃን ፊደል ሲቆጥር እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ለ ከተባለ ቀንም ሌሊትም ለ ነው። ሀብታም ቤት ሄዶ ሉ አይልም። ይሄ ግን አራት ሆኖ ተደራጅቶ፣ በየሄደበት ሌላ የሚናገር፣ ለሻጭ ሌላ ለገዢ ሌላ የሚል፣ ይሄ ፊደል አይደለም፣ ደላላ ነው። «ልጄ፣ አንቺ አልተሳሳትሽም፣ የተታለልሽው በደላላ ነው» አልኳት። ትንሽ ፈገግ አለች። ያን ቀን በዚያ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን እኔ ነኝና አልቆመም።

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበር፣ እናቷ ፈረቃ ስለነበረች እኔ ሄድኩ። ቲቸሩ ክራቫት ያሰረ ቀጭን ልጅ ነው። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። እኔ በአማርኛው እነቃለሁ፣ በእንግሊዝኛው አርፋለሁ። አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀ፣ ወላጆች እርስ በርስ ተያዩና ጥቂቶቹ እጃቸውን አወጡ። አጠገቤ ታደለችም አወጣች። እኔ ደግሞ በሩ ጋ የለስላሳ ሳጥን አይቼ ስለነበር፣ ለስላሳ ለሚፈልግ ነው ብዬ እጄን አወጣሁ። እንዲያውም ሁለት እጄን ነው ያወጣሁት፣ አንዱ ለሜላት።

ቲቸሩ በጣም ደስ አለው። «ጎበዝ እናታችን» ብሎ ስሜን ጻፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታደለችን፣ «ለስላሳው መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳት።

«የምን ለስላሳ?»

«እጅ ያወጣንበት።»

መንገድ ላይ ቆመች። ታደለች ከሆሳዕና የመጣች ናት፣ ሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረች፣ ጴንጤ፣ ድምፅዋ ያማረ ዘማሪ። ስንት ዘመን ጎረቤት ነን፤ እኔ ስጾም ሥጋ የሠራችበትን ድስት ከድና ትወጣለች፣ እሷ ስትጸልይ እኔ ሬዲዮኔን እቀንሳለሁ። ግን በልጅ ልጅ ጉዳይ አንተዋወቅም። «እህቴ» አለችኝ፣ «እጅ ያወጣነው ከልጃችን ጋር መድረክ ወጥተን እንግሊዝኛ ለመወዳደር ነው። በወላጆች በዓል ቀን። እንደው ጌታ ይርዳሽ።»

ይርዳሽ ያለችው ከልቧ ነው። ከዘለፋ የባሰው እሱ ነው።

ሜላት ስትሰማ መጀመሪያ ቱግ አለች። ቀጥሎ አለቀሰች። ቀጥሎ፣ «ጭራሽ አንቺም ስም ሊወጣልሽ ነው» አለችኝ። እኔም፣ «ይውጣልኝ። ባል ሳገባ የወጣልኝን ስም ከነባሌ ችዬዋለሁ» አልኳት። ግን ስወጣ አመመኝ። የልጅቷን ቁስል ላድን ብዬ ጨው ነስንሼ መጣሁ። በዚያ መድረክ ካፈረች ፉሪም አይበቃት።

ቲቸሩ ውድድሩ ባንድ ዓይነት ጭራ በሚያልቁ ቃላት ነው ብሏል። ያ ደላላ ራሱ ማለት ነው። እኔም ጭራውን ከነመልኩ ልልመደው ብዬ ወጣሁ።

ሀይሌ ጋርመንት አደባባዩ ጋ አንድ ኬክ ቤት አለ። ማስታወቂያውን ሽቅብ ሳይ ቀለበት፣ ኩባያ፣ መንጠቆ፣ ወንበር። ልቤ ዘለለ። ከወንበሩ ኋላ ግን ሌሎች ፊደሎች ተሰልፈዋል፣ ወንበሩ አልበቃቸውም መሰለኝ። አንገቴን አቅንቼ ስቆይ ጥበቃው መጣ።

«እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ጭራ።»

«የምን ጭራ?»

«የዚህን ጽሑፍ። ምንድን ነው የሚለው?»

«ዶናት ነው የሚለው።»

«ዶ ብቻ ለማለት ይሄን ሁሉ ሰው ይሰበስባሉ?»

ጥበቃው ቀና ብሎ አየ። እስከዛሬ አይቶት አያውቅም ነበር።

ከዚያ ፋርማሲ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ አንድ ብልቃጥ ከነጭራው ቁጭ ብሏል። «ያንን» አልኩ። ልጅቷ፣ «ሳሉ ደረቅ ነው እርጥብ?» አለችኝ። «ሳል የለብኝም፣ ፊደሉን ነው የምፈልገው» አልኳት። አስተያየቷ ወደ ሌላ ሐኪም ልትመራኝ ያሰበች ይመስላል። ብቻ ብልቃጡን እጄ ላይ አድርጋ አስነካችኝ፣ «ኮፍ ነው የሚለው፣ ሳል ማለት ነው» አለችኝ። ተባረኪ ብያት ወጣሁ።

የመጨረሻው ግን የሚያሳፍር ነው። ሜሉ፣ እሱንም ጻፊው። አንድ ጎረምሳ ከፊቴ ይሄዳል፣ ካናቴራው ጀርባ ላይ ያቺው ቱግ፣ የጠላታችን ፊደል፣ ትልቅ ሆና ተጽፋለች። ፊቷን ላጥናው ብዬ ተከተልኩት። ሲፈጥን እፈጥናለሁ። ታክሲ ሰልፍ ያዘ፣ ያዝኩ። ታክሲ ገባ፣ ገባሁ። ለቡ መብራት ኃይል ስንደርስ ነው ከቤቴ ወጥቼ ከቤቴ እየራቅሁ መሆኔ የገባኝ። ልጁም ዞሮ፣ «እማማ፣ ከቅድም ጀምሮ እየተከተሉኝ ነው። ያጠፋሁት ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም ልጄ፣ ጀርባህን እያነበብኩ ነው። ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ከቦንዳ ነው የገዛሁት።»

«ጠንካራ ይላል።»

ልጁ ትከሻውን አሰፋ። የመመለሻ ታክሲ ድረስ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ። አያችሁ፣ ቃል ትርጉሙን ያወቁለት ቀን ነው ሥራ የሚጀምረው።

ቤት ስገባ ሁሉንም ለሜላት ነገርኳት። ለቡን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያቺ ልጅ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ አእምሮዋ ይከፈታል፣ እሱን ከእናቷ ነው የወረሰችው። ቃላቱን ባንድ ባንድ እያነበበች አሰማችኝ፣ እኔም ሳዳምጣቸው ምን ሰማሁ መሰላችሁ? አማርኛ።

ዘው። ስሩ። ተፍ። ኮፍ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የዶሮ ታሪክ ነው» አልኳት።

እንዲህ አድርገን ሠራነው። ዶሮዋ ዘው ብላ ቤት ገባች። ይሄኛው ቃል፣ በነሱ «ምንም እንኳ» ማለት ነው አለችኝ፣ ሁለት ወንበር አለው፣ አንዱ ፊት፣ አንዱ ጭራ። እንግዳ ዘው ሲል ተጨማሪ ወንበር ያስፈልጋላ። ዶሮዋ የቡቃያውን ስሩን ጫረች። ይሄኛው፣ «በኩል» ማለት የሆነው፣ እሱም ሁለት ወንበር አለው፣ መሃላቸው ግን እውነትም አንዲት ቡቃያ የመሰለች ፊደል አለች፤ ቡቃያ ካለ ሥር አለ። ከዚያ ተፍ ተፍ አለች። ይሄ ፊቱ ላይ መስቀል ብቻ ነው ያለው፣ ሜላት የኛን ተ ይመስላል አለችኝ። ሲደክማት ጎጆዋ ውስጥ ኮፍ አለች፤ የኮፍ ፊቱ አንድ ጎኑ የተከፈተ ጎጆ ነው። አምስተኛው «ኢናፍ» ነው፣ በቃ ማለት። እሱ ፊቱ ላይ ግማሽ የተከደነ አፍ የመሰለች አለች። ዶሮዋ ኮፍ ካለች በኋላ፣ እና አፍ ዝም፣ በቃ። እና አፍ። ኢናፍ።

ሜላት አልጋ ላይ ወጥታ እየዘለለች ነበር የምትለው። ደላላው ተያዘ።

በዓሉ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጄም ፈረቃ ቀይራ መጥታ ኋላ ተቀምጣለች። መድረክ ላይ እኔና ሜላት፣ ታደለችና ናታን፣ ሌሎችም ነበሩ፣ ግን ሌሎቹ በመጀመሪያው ዙር ወደቁ፣ እግዜር ይማራቸው። እኔ የመጣሁት አጠገቧ ልቆም ነው ብዬ ነው። ቲቸሩ ግን ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ «በተራ ነው፣ አንዴ ወላጅ፣ አንዴ ልጅ። ያልተጠየቀ ሰው አይናገርም» አለ። ነጠላዬን አጠበቅሁ።

ካርዱን ዘረጋልኝ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም፣ ነጭ ነገር ብቻ። ከዚያ ጭራውን አየሁ። ቀለበት፣ ኩባያ፣ መንጠቆ፣ ወንበር። ፊቱን ሳይ ሌላ ወንበር፣ ቡቃያ የለም።

«ዘው» አልኩ።

ቲቸሩ፣ «ልክ ነው» አለ፣ ራሱም እየተገረመ። ታደለች ዞራ አየችኝ። እሷና ናታንም የራሳቸውን አነበቡ፣ በሚስዮን እንግሊዝኛ፣ ያማረ። እንደገና ካርድ ወደኔ፣ ምክንያቱም ሜላት ተራዋ ሲደርስ ወደ ኋላ አፈግፍጋ እኔን ገፋችኝ። ቡቃያዋን አየሁ።

«ስሩ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ቲቸሩ ግንባሩን ጠረገ። «እየሠራን ነው እናታችን፣ ትንሽ ይታገሱን» አለ።

«አይ፣ ማንበቤ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ፣ ግን ደግ ሳቅ ነበር። ቲቸሩም ካርዱን አየና ልክ ነው አለ። «አሁን ግን የግድ የልጅቷ ተራ ነው» አለ። ካርዱን ገለጠ። መስቀል፣ ቀጥሎ ያ ጭራ። ያቺው ቃል።

ከኋላ ወንበሮች ማሾክሾክ ተነሳ። ቱግ፣ ቱግ፣ ቱግ። ሜላት ካርዱን አየች፣ ልጆቹን አየች፣ ከንፈሯ ተጣበቀ። የእናቷን ፊት አየሁት፣ የፉሪው ትምህርት ቤት ፊቷ ላይ ተጽፏል። እኔ ደግሞ እንዳልናገር ተከልክያለሁ። እንዳልሠራ ግን ማን ከለከለኝ?

ራመድ አልኩና የቲቸሩን ጠረጴዛ በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩ። ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ። ወንበሩን አስተካከልኩ። የውሃ ብርጭቆውን ወዲህ፣ አበባውን ወዲያ። ወዲያ ብል ወዲህ፣ አቧራ የሌለውን እጠርጋለሁ።

«እናታችን፣ ምን ሆኑ?» አለ ቲቸሩ።

እኔ ተፍ ተፍ ማለቴን ቀጠልኩ። ክራቫቱን ላስተካክልለት እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ የሜላትን ሳቅ ሰማሁ። ከሳቋ ቀጥሎ፣ በድምፅ ማጉያው፣ ጥርት ብላ፦

«ተፍ።»

«ልክ ነው» አለ ቲቸሩ፣ ክራቫቱን እንደያዘ።

ታደለች ነቃች። «ይሄ ማጭበርበር ነው» አለች።

«ቤት ማስተካከል ማጭበርበር ነው እንዴ?» አልኳት። ቲቸሩ ደንቡ ላይ ስለ ጽዳት የተጻፈ ነገር የለም ብሎ አሳለፈን።

የናታን ተራ ሆነ። የሱ ካርድ የኛ ዶሮ ውስጥ የሌለ አዲስ ቃል ነበር፣ ማረሻ ማለት ነው አሉ። ጭራው ግን ያው ደላላ። ልጁ ካርዱን አየ፣ አያቱን አየ፣ «ፕላፍ» አለ። ስህተት ነበር፣ «ፕላው» ነው።

ያ ሁሉ ሳቅ አሁን ወደሱ ዞረ። «ፕላፍ፣ ናታን ፕላፍ» ማለት ጀመሩ። ያ ቀልደኛ ልጅ አንገቱን ደፋ፣ ጆሮው ቀላ። ታደለች እጁን ያዘች፣ በሌላው እጇ ጣቶች ጆሮውን ከለለችለት። እውነቱን ልናገር፣ እኔ በሆዴ ይበልህ ልል ከጅሎኝ ነበር፣ ግን የታደለችን ጣት ሳይ ተውኩት።

ሜላት ድምፅ ማጉያውን ከቲቸሩ እጅ ወሰደች። ማንም አልጠየቃትም። ወደ ልጆቹ ዞረችና፦

«ኢናፍ።»

ሳቁ ቆመ። እንደ ቱግ አይደለም ያለችው፣ ረጋ ብላ ነው፣ እንደ ትልቅ ሰው። ደግማ አልተናገረችም፣ አላስፈለጋትም። ቲቸሩ እጁ ላይ የቀረውን የመጨረሻ ካርድ አየ፣ እሷን አየ፣ ገልብጦ ለሕዝቡ አሳየ። አፍ የመሰለችዋ ፊደል ፊቱ ላይ፣ ወንበሩ ጭራው ላይ። «የቀረው ካርድ ይሄ ነበር» አለ፣ «ሳላሳያት አነበበችው።»

አሸነፍን። ሽልማቱ የውሃ ኮዳ ነው። ዙሪያውን እንግሊዝኛ ተጽፎበታል፣ አገላብጬ አየሁት፣ ጭራው የለበትም። ልጄ ከኋላ ተነስታ እያለቀሰች ታጨበጭባለች፣ ስለ ፉሪ ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም። ልጆቹም ቱግ ማለቱን ተዉ፤ አሁን ሜላትን «ኢናፍ» ነው የሚሏት። እሷም ስትጠራ አቤት ትላለች፣ ለበቃ መጠራት የሚቆጣ የለም።

በማግስቱ ታደለች ናታንን እየጎተተች መጣች። ልጁ ሜላትን ይቅርታ ብሎ ጣቱን ማጠፍ ያዘ። ታደለች ደግሞ ተቀመጠችና፣ «እህቴ፣ ያቺን ዶሮሽን አውሺን» አለችኝ።

ነገርናት። ዘው፣ ስሩ፣ ተፍ፣ ኮፍ፣ እና አፍ። ጨርሰን ስንስቅ እሷ አሰበች አሰበችና፣ «ታዲያ የኛው ቃልስ የት ይገባል? ፕላው?» አለች። እኛ ስንፈልግ ናታን ቀና አለ።

«ብላው» አለ። «ዶሮዋ ወጥ ሆነችና፣ ብላው።»

እንዲህ አድርገው እነታደለች ዶሮዬን አረዷት፣ ያውም በጾም ቀን። ብቻ ታሪኩ ሞላ፣ ማንም የሰፈር ልጅ አሁን ያን ጭራ ቢያይ አይደነግጥም፣ ይርበዋል እንጂ።

በይ ሜሉ፣ ጨረስን። መጨረሻ ላይ ኢናፍ ብለሽ ጻፊልኝ፣ በራሳቸው ፊደል። እ፣ አፏን አደረግሽ? ቀለበቱ፣ ኩባያው፣ መንጠቆው። ወንበሩን እንዳትረሺው ልጄ፣ እሱ ላይ ነው አሁን የምቀመጠው።